ለባሕር ዳር ዘጠና ደቂቃ አይበቃትም

በባሕር ዳር ከተማ ስለ ቱሪዝምና ስለ ስፖርት ለምትወስኑ ሁሉ

ጉዳዩ፦ የስታዲየም እንግዳ በከተማችን እንዲያድር ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህ ደብዳቤ ስለ ክሪኬት ነው ብል ገና ከመጀመሪያው መስመር ወረቀቱን ወደ ጎን እንደምታደርጉት አውቃለሁ። ስለዚህ በእግር ኳስ ልጀምር።

ኅዳር 2012 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ኮትዲቯርን እዚሁ ባሕር ዳር 2 ለ 1 ያሸነፈበትን ቀን የከተማዋ ሰው አይረሳውም። እኔም አልረሳውም፤ ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። ለብዙ ዓመታት በጣና ላይ እንግዳ ሳመላልስ ኖሬ፣ ጉልበቴ ከጀልባ መውጣትና መውረድን እምቢ ሲል ባጠራቀምኳት ገንዘብ ስምንት ክፍል ያላት የእንግዳ ማረፊያ ከፍቻለሁ። ለዚያ ጨዋታ ብዬ ሁለት ቀን ቀደም ብዬ አንሶላ አሳጠብኩ፣ ከጎረቤት ሦስት ፍራሽ ተዋስኩ፣ ለቁርስ የሚሆን እንቁላል ገዛሁ። ከጎንደር፣ ከደብረ ታቦር፣ ከደብረ ማርቆስ የመጣው ሰው መንገዱን ሞልቶት ሳይ ፍራሹ እንዳያንሰኝ ሰጋሁ። ጨዋታው አለቀ፤ ከተማዋ በመኪና ጥሩምባ ተናወጠች፤ ከዚያ ሁሉም በመጣበት መኪና ተሳፍሮ ሄደ። በዚያ ሌሊት ከስምንቱ ክፍሎቼ ሰው ያደረባቸው ሁለቱ ብቻ ናቸው። ከሁለቱም አንዱ የሕንዳዊው መምህር ክፍል ነበር፤ እሱ ደግሞ በወር የሚከፍል ነባር ደንበኛዬ ነው። እንቁላሉን እኔና ልጆቼ ሳምንቱን ሙሉ በላነው።

የሕንድ መምህራን ለአገራችን እንግዳ አይደሉም። ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ ስንቱን ኢትዮጵያዊ ሒሳብና እንግሊዝኛ ያስተማሩ ሰዎች ናቸው። የእኔው ሰውዬ በማግስቱ ጠዋት ቡና ስንጠጣ ፊቴ መጥቆሩን አይቶ ሳቀና «ጨዋታችሁ እኮ አጭር ነው» አለኝ። «ለዘጠና ደቂቃ ብሎ ማን አልጋ ይከራያል?»

ክሪኬትን ያስተማረኝ እሱ ነው። ለማያውቁት በአጭሩ፦ አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው ጠፍጣፋ በሆነ እንጨት ይመታል፣ ኳሷ ተለቅማ እስክትመለስ መቺዎቹ ወዲያና ወዲህ እየሮጡ ነጥብ ይሰበስባሉ። የገና ጨዋታ የሚወድ ሰው እንጨቱን ይወድለታል፤ ትዕግሥቱ ግን ያስፈራዋል። ምክንያቱም ሦስት ሰዓት ገደማ ፈጅቶ የሚያልቅ አጭር ዓይነት ቢኖርም፣ ቀኑን ሙሉ የሚውል ሌላ አለ፤ ከሁሉም የሚበልጠው ቴስት የሚባለው ደግሞ አምስት ቀን ይፈጃል። በየቀኑ ለምሳ አርባ ደቂቃ፣ ለሻይ ሃያ ደቂቃ ይቋረጣል። ለሻይ የሚቋረጥ ስፖርት! መጀመሪያ ስሰማ እንባዬ እስኪወርድ ስቄያለሁ። ማታ ተኝቼ ሳስበው ግን ሳቁ ቀረ። አምስት ቀን የሚያይ ሰው ቢያንስ አራት ሌሊት ያድራል። ምሳና ሻይ የተቋረጠለት ሰው ይበላል፣ ይጠጣል። ዝናብ ቢጥልና ጨዋታው ቢቆም እንኳ ዣንጥላውን ይዞ ከተማ ለከተማ ይዞራል። ይህን ጨዋታ የፈጠረው ሰው የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ሳይሆን አይቀርም አልኩ።

ቁጥር ለሚወድ ሰው ቁጥር አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 ሕንድ የክሪኬት የዓለም ዋንጫውን ብቻዋን አዘጋጀች፤ 48 ጨዋታዎች በ10 ከተሞች። ስታዲየም የገባው ተመልካች 1.25 ሚሊዮን ነበር። ዓለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤት ባስጠናው ጥናት መሠረት ውድድሩ ለሕንድ 1.39 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት የኢኮኖሚ እንቅስቃሴ ፈጥሯል፤ ከዚህ ውስጥ ከ860 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነው በቱሪዝም በኩል፣ ማለትም በማደሪያ፣ በጉዞ፣ በምግብና በመጠጥ የመጣ ነው። ያስጠናው ባለ ድግሱ ራሱ ስለሆነ ቁጥሩን በልክ ያዙት፤ ጠላ የጠመቀች ሴት ጠላዬ ቀጠነ አትልም። ቢሆንም ብሩ በየት በኩል እንደገባ ተመልከቱ። ከግማሽ በላይ የሆነው በአልጋ፣ በመንገድና በገበታ ነው የገባው።

በዚያው ውድድር ሕንድና ፓኪስታን አሕመዳባድ ላይ ሲጋጠሙ የሆቴል ዋጋ ጣሪያ ነክቶ፣ አንዳንድ ደጋፊዎች ጤናችንን እንመርመር በሚል ሰበብ የሆስፒታል አልጋ ለመያዝ እንደሞከሩ የሕንድ ጋዜጦች ጽፈዋል። ይህን ሳነብ በጥምቀት ሰሞን እኛ እዚህ የምንጠራውን ዋጋ አስታወስኩና አፈርኩ። እኛ ስል ራሴንም ጨምሬ ነው።

እኔን የምታስቀናኝ ግን አሕመዳባድ አይደለችም። ጎል የምትባል የስሪላንካ የወደብ ከተማ ናት፤ በኳስ ወዳድ አገር ይህን ስም መጥራት ቢያደናግርም። ጎል ፖርቱጋሎች ጀምረውት ደቾች ያጠናከሩት ትልቅ ምሽግ አላት፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1988 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የክሪኬት ሜዳው ከምሽጉ ግንብ ሥር ነው። ትኬት ያልገዛ ሰው ግንቡ ላይ ተቀምጦ በነጻ ያያል። ከግንቡ ወዲያ ባሕሩ ይታያል። ምሽጉ ውስጥ ሰው ይኖርበታል፤ አሮጌዎቹ ቤቶች ማረፊያና ምግብ ቤት ሆነዋል። ተመልካቹ ከሜዳው ወጥቶ ታክሲ ሳይጠራ በእግሩ ቅርሱ ውስጥ ይገባል፤ እዚያው ይበላል፣ እዚያው ይተኛል። ዲሴምበር 26 ቀን 2004 ሱናሚው ያን ሜዳ ጠራርጎት ነበር። እዚያው ቦታ ላይ መልሰው ሠርተው ከሦስት ዓመት በኋላ የእንግሊዝን ቡድን ተቀበሉበት።

ስለ ጎል ከሰማሁት ሁሉ የምወደው የአንድ እንግሊዛዊ ደጋፊ ታሪክ ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ቡድኑን ተከትሎ ስሪላንካ ገባ። ወዲያው ኮሮና መጣና ጨዋታው ተሰረዘ። ቡድኑ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ሰውየው ግን ቀረ። አሥር ወር ያህል ጠበቀ! ቡድኑ በጃንዋሪ 2021 ሲመለስ ስታዲየሙ ለተመልካች ዝግ ስለነበር ግንቡ ላይ ወጣ፤ ፖሊስ አስወረደው፤ በመጨረሻ ተፈቅዶለት ገባና ባዶ ስታዲየም ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ አየ። አሥር ወር የቤት ኪራይ፣ አሥር ወር ቁርስና እራት ማለት ነው። ያን ያህል ጊዜ የሚያስቀምጥ ሜዳ የለም፤ ሰውየውን ያስቀመጠው በሜዳው ዙሪያ ያለው ነገር ነው።

በሜዳው ዙሪያ ያለ ነገር እኛ ጎደለን እንዴ? ግንቡን በጣና ተኩት። በጠዋት ጀልባ ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፤ ሲመለሱ ሐይቁ ዳር የተጠበሰ ቀረሶ፤ ከሰዓት በኋላ ጢስ አባይ፤ ማታ የዘጌ ቡና። ዳጋ እስጢፋኖስንና ጣና ቂርቆስን ልይ ያለ ሰው አንድ ቀን ይጨምራል። የእንግሊዝ የክሪኬት ደጋፊዎች አገራቸው ሲበርድ ቡድናቸውን ተከትለው ወደ ሞቃት አገር የሚሄዱት ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው፤ ያ የእኛ በጋ ነው፣ ጥምቀትም በመሐሉ አለ። ክሪኬት ስለማንጫወት እነሱ አይመጡም። ኳስ ለማየት የመጣውን የጎንደር ሰው ግን ለምን በዚያው ምሽት እንሸኘዋለን?

ስታዲየም ከከተማው ኑሮ ሲለይ ምን እንደሚሆን ደግሞ ካሪቢያን ላይ ታይቷል። አንቲጓ ትንሽ ደሴት ናት። በዋና ከተማዋ መሐል ከበሮና ጭፈራ የማይለየው አሮጌ የክሪኬት ሜዳ ነበራት። እ.ኤ.አ. በ2007 በካሪቢያን ደሴቶች ለተዘጋጀው የክሪኬት የዓለም ዋንጫ ግን በቻይና ገንዘብ ከከተማው ወጣ ብሎ አዲስ ስታዲየም ተሠራላት። በዚያ ውድድር ትኬቱ ተወደደ፤ የሙዚቃ መሣሪያና ከቤት የተሰናዳ ምግብ ይዞ መግባት ላይ ጥብቅ ደንብ ወጣ፤ የደሴቶቹ ሰው ቅር ብሎት ቀረና ወንበሩ ባዶ ሆኖ በቴሌቪዥን ታየ። አዘጋጆቹ ደንቡን ያላሉት ከረፈደ ነው። በዚህ ላይ ብዙ ደጋፊ ያመጣሉ የተባሉት ሕንድና ፓኪስታን ሁለቱም በመጀመሪያው ዙር ተሰናበቱ፤ በእነሱ ተማምኖ አልጋ ያነጠፈ ሁሉ እንደ እኔ እንቁላሉን ራሱ በልቷል። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው አዲስ ስታዲየም አንቲጓ ላይ እንግሊዝ ስትጫወት የወርዋሪዎቹ እግር አሸዋ ውስጥ እየሰጠመ ጨዋታው ከ10 ውርወራ በኋላ ተቋረጠ። ወዴት ተዛወረ ብትሉ፣ መሐል ከተማ ወዳለው አሮጌ ሜዳ።

የእኛ ስታዲየም አሸዋ የለውም። የአንቲጓ ዓይነት ደንብ ግን በልማድ አለብን። በአንድ የጨዋታ ቀን ጀበናዋን ይዛ ከአጥሩ ወዲህ የተቀመጠች ጎረቤቴን ተነሺ ብለው ሲያዋክቧት ፍሙ ከነምድጃው መሬት ላይ ተደፋ። ማን እንዳዘዘ አላውቅም፤ የሰው ስም ለማጥፋትም አልጻፍኩም። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ በጨዋታ ቀን አትወጣም። ቆሎ ሻጩም፣ ሸንኮራ የሚቆርጠው ልጅም አይወጡም። ስለዚህ ከሩቅ የመጣው ተመልካች በራብ ተመልክቶ፣ በራብ ጮሆ፣ መንገድ ላይ ሌላ ከተማ ወርዶ ይበላል።

አሁን የሚያመውን ልናገር። ማርች 3 ቀን 2009 ላሆር ውስጥ የስሪላንካን የክሪኬት ቡድን የጫነ አውቶቡስ በታጣቂዎች ተጠቃ። ከዚያ በኋላ እስከ ዲሴምበር 2019 ድረስ በፓኪስታን ምድር አንድም ቴስት አልተደረገም። የፓኪስታን ቡድን «የሜዳውን» ጨዋታ በአብዛኛው ያደረገው ዱባይ፣ አቡዳቢና ሻርጃ ላይ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ የላሆርና የካራቺ አልጋ፣ ታክሲና ምግብ ቤት ሊያገኘው የሚገባው ገቢ ኤምሬትስ ገባ።

ይህ የሰው አገር ታሪክ ከመሰላችሁ ቀን ልቁጠርላችሁ። መጋቢት 2013 ዓ.ም. ማዳጋስካርን እዚህ 4 ለ 0 ረትተን ከተማው በደስታ ሰከረ። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካን አስተናገድንና 3 ለ 1 ተሸነፍን። ከዚያ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስታዲየማችሁ ደረጃውን አያሟላም አለ። ቀጣዩን የሜዳችንን ጨዋታ ከጋና ጋር ያደረግነው ጆሃንስበርግ ነው። ሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው። ደስታው የእኛ፣ የአልጋው ሒሳብ የማላዊ። በእርግጥ የእኛ ችግር የስታዲየም ብቻ አይደለም። ባለፉት ዓመታት በክልላችን የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ጀልባዎቹ ታስረው ሲቆሙ አይተናል። ስታዲየም ሰላም አያመጣም። ሰላም በመጣ ማግስት ግን ምን ይዘን እንደምንጠብቅ መወሰን የእናንተም የእኛም ፈንታ ነው፤ ለዚህም የላሆር አሥር ዓመት እንዲደርስብን አልሻም።

ከዚህ ሁሉ መሐል ያላስተዋልነው አንድ በጎ ነገር እኛው እጅ ላይ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉ በኮሮና ምክንያት በዙር ከከተማ ከተማ ሲዘዋወር ባሕር ዳርም ተራዋ ደርሷት ቡድኖቹ ለሳምንታት እዚህ ሰፈሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌም የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ከ23 ዓመት በታች ውድድር እዚሁ ተካሂዶ ዋንጫውን ታንዛኒያ ወሰደች። ያን ሰሞን መዝገቤ የቴስት ጨዋታ መሰለ፤ ጋዜጠኛው፣ የካሜራ ባለሙያው፣ ልጁን ለማየት የመጣው አባት ሳምንት ሳምንት አደሩ። ሕንዳዊው ወዳጄ «አሁን ገባችሁ» አለኝ። እኔ ግን እንግዶቼን አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው፤ ዘጌን ያየ ከመሐላቸው አልነበረም። የነገራቸው የለም። የጨዋታው ፕሮግራም የሚለጠፍበት ሰሌዳ ላይ ስለ ጀልባ አንድ መስመር አልተጻፈም። ሳምንት ሙሉ ሐይቁ አጠገብ ተኝተው ሐይቁን ሳይሻገሩ ሄዱ።

ሩዋንዳዎች ይህንን ቀድመው የገባቸው ይመስለኛል። ክሪኬትን ይዘውላቸው የገቡት ከጎረቤት አገር ከስደት የተመለሱ ወገኖቻቸው ናቸው። ለሜዳ ማሠሪያ ገንዘብ ለማሰባሰብ የብሔራዊ ቡድኑ አምበል ኤሪክ ዱሲንጊዚማና እ.ኤ.አ. በ2016 ለ51 ሰዓታት ኳስ ሲመታ ቆይቶ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ። በቀጣዩ ዓመት ኪጋሊ ጥግ ጋሃንጋ ላይ ሜዳው ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ የአፍሪካ ማጣሪያዎች እየመጡላቸው የብዙ አገር ቡድኖች በአንድ ጊዜ ከተማቸው ላይ ይሰፍራሉ። ዚምባብዌም ከደቡብ አፍሪካና ከናሚቢያ ጋር እ.ኤ.አ. የ2027ቱን የክሪኬት የዓለም ዋንጫ ስታዘጋጅ አዲሱን የክሪኬት ስታዲየም ለመሥራት የመረጠችው ቪክቶሪያ ፏፏቴ አጠገብ ነው። የፏፏቴውን የአገሬውን ስም ታውቁታላችሁ? «የሚያጓራ ጢስ» ማለት ነው። የእኛን ጢስ አባይ ስም ያወጣለት ሰው የሩቅ ዘመድ ሳይኖረው አልቀረም።

የክሪኬት ስታዲየም ሥሩልን አላልኩም። የምለምናችሁ ከዚያ የሚቀል ነው። ውድድር ለመሳብ ስትወዳደሩ ከአንድ ቀን ግጥሚያ ይልቅ ቡድኖች ተሰብስበው የሚቆዩበትን ውድድር አስቀድሙ፤ የወጣቶች፣ የሴቶች፣ የዩኒቨርሲቲዎች ቢሆንም ግድ የለም። የአንድ ቀን ጨዋታ ከሆነ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ይሁንና የእሑዱን ጠዋት ለሐይቁ ተዉት። የስታዲየም ትኬት ቅዳጅ ለያዘ ሰው የጀልባ ማኅበራቱ ዋጋ እንዲቀንሱ አነጋግሯቸው፤ እኔም የክፍሌን ዋጋ እቀንሳለሁ፣ ይህን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። የጀልባ፣ የባጃጅና የአልጋ ዋጋ በጨዋታ ሰሞን በግልጽ ይለጠፍ፤ ከተለጠፈው በላይ የጠየቀ፣ እኔም ብሆን፣ ይቀጣ። ለቡና አፍዪዎችና ለቆሎ ሻጮች በአጥሩ ዙሪያ ቁጥር የተሰጠው ቦታ ስጧቸው፤ ቆሻሻውን እንዲያነሡ አስገድዷቸው፣ እንጂ አታባሯቸው።

አንድ ነገር ደግሞ እንድትጠነቀቁ። ገዳማቱ የጨዋታ ማሟያ አይደሉም። በጥሩምባ ሰክሮ የመጣ ሰው ወደ ክብራን ገብርኤል አይጫን፤ አባቶች አስቀድመው ይጠየቁ፣ የሰውም ቁጥር በእነሱ ፈቃድ ይወሰን። ጎል ላይ ግንቡን ያቆየው ሰው ስለሚኖርበትና ስለሚሳሳለት ነው ብዬ አምናለሁ። እምቦጭ ያሠቃየው ሐይቅ የውኃ ፕላስቲክ እንዲጨመርበት አንፈልግም።

ሌላው በጣም ትንሽ ነው። በከተማችን የሚኖሩ ሕንዳውያን መምህራን እሑድ ጠዋት የሚጫወቱበት ባዶ ሜዳ ቢጠይቁ እምቢ አትበሏቸው። የሰፈራችን ልጆች ከአሁኑ በእንጨት ቁራጭና በቴኒስ ኳስ ጀምረዋል፤ ባለፈው የበር መስኮቴን ሰብረውብኛል። ጥፋቱን የሸፈነላቸው ሕንዳዊው ነው፤ መስታወቱን ከፍሎ «ስድስት ነጥብ ነበር» አለኝ፤ በክሪኬት የተመታች ኳስ መሬት ሳትነካ ከሜዳው ከወጣች ስድስት ነጥብ ናት።

ውድድር ሲያልቅ ሪፖርት እንደምታዘጋጁ አውቃለሁ፤ ስንት ሰው ስታዲየም እንደገባ ይጻፍበታል። በዚያው ገጽ ላይ አንድ ረድፍ ጨምሩልኝ፦ ስንት ሰው አደረ? ማረፊያ ቤቶችን ጠይቁን፣ መዝገባችንን እናሳያለን። ለሚቀጥለው ጨዋታ ደግሞ ቀኑን ቀደም ብላችሁ ንገሩን፤ አንሶላ ታጥቦ ለመድረቅ በጋም ቢሆን አንድ ቀን ይፈልጋል።

ከአክብሮት ጋር፣

የአንዲት ስምንት ክፍል ማረፊያ ባለቤት
ባሕር ዳር